አንድ ፌስታል አፈር

አፈሩን አምጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ የመጣውን ሁሉ ወንድሜ ላይ የሚጥል አንባቢ እንዳይኖር።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ባጭሩ ልንገራችሁ። የተወለድኩት ከቡታጅራ ወረድ ብሎ ባለ ገጠር ነው። አባታችን ቶሎ ሞተ። ሁለት ወንድማማቾች ነን፤ ዘርጋ ታላቅ፣ እኔ ታናሽ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ አዲስ አበባ የሚነግድ ዘመዳችን መጥቶ እናቴን «ስጪኝ፣ ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ» አላት። ያስገባኝ መጋዘን ነው። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ጆንያ እየተሸከምኩ አደግኩ፤ ጆንያ እየተሸከምኩ አገባሁ። ወንድሜ መሬቱ ላይ ቀረ። አራት ጥማድ። እሱ መሬት ደረሰው፣ እኔ ጆንያ። ፊደል ከመቁጠሬ በፊት በልቤ የጻፍኩት ነገር ይሄ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት፣ ልጄን የምታህል አስተማሪ ፊት ቁጭ ብዬ ነው። አላፍርበትም። የሚያፍር ካለ ዘመዴ ይፈር። ማንበብ ስችል ከመጋዘኑ ወጣሁና ከሜክሲኮ ወረድ ብሎ ባለ አንድ የአፈር ምርመራ ቤት ተቀጠርኩ። ከየገጠሩ በከረጢት የሚመጣውን አፈር አደርቃለሁ፣ እወቅጣለሁ፣ በወንፊት እነፋለሁ፣ ቁጥሩን አንብቤ ለማሽኑ ክፍል አስረክባለሁ። የተማሩት ማሽኑን ይዘዋል፤ እኔ ሙቀጫውን። ነገር ግን አፈር ደህና ይሁን አይሁን ጣቴ ከማሽኑ ቀድሞ ያውቃል። ይህን ጉራ አትበሉት። ከአሥር ዓመት በላይ አቧራውን የዋጥኩ ሰው ነኝ።

እናታችን ስትሞት የገጠሩ ቀበሌ «ወራሾች ተስማምታችሁ ሰኞ ቅረቡ» አለ። እኔ ቆርጬ ነበር። ግማሹ የኔ ነው፤ ያውም ላይኛው ግማሽ። እዚያ አምስት ትልልቅ የገርቢ ዛፎች አሉ። ገርቢን ለማታውቁት፣ የግራር ዘመድ ነው፤ ጠባዩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሌላው ዛፍ ክረምት ሲገባ ሲለመልም እሱ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በጋ ሲሆን ሌላው ሲደርቅ እሱ አረንጓዴ ይለብሳል። ትራክተር ያለው አንድ ሰው ላይኛውን ልከራይህ ብሎኝ ነበር። «ዛፎቹ ካልተቆረጡ ትራክተሬን አላስገባም» አለ። ይቆረጡ አልኩ። ለኔ ምኔ ናቸው? ጥላቸው ሥር የተቀመጠ ዘርጋ ነው።

ከሰኞው በፊት እንድንነጋገር ዘርጋ እኔ ቤት ሊመጣ ነበርና በሳምንቱ መጀመሪያ ደወልኩለት።

«ስትመጣ አፈር ይዘህ ና» አልኩት።

«ምን ይዤ?»

«አፈር። አንድ ኪሎ ያህል። የምወርሰውን ማወቅ አለብኝ። እናስመረምረዋለን።»

«ከየት ላምጣ?»

«ከእርሻው ነዋ! ከአስፋልት ላይ ይመስልሃል?»

ዘጋሁበት። ጥፋቴ እዚች ላይ ነው፤ አስታውሱልኝ። የኛ መሥሪያ ቤት ሰዎች አፈር ሊወስዱ ሲሄዱ እርሻውን ከዳር እስከ ዳር ይዞራሉ፣ ከብዙ ቦታ ይቆፍራሉ፣ ሁሉንም በአንድ ባልዲ ይቀላቅላሉ፣ ከድብልቁ ነው የሚይዙት። ይህን አውቃለሁ። ለወንድሜ ግን አልነገርኩትም። ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር፤ ከሱ ጋር ሁለት ደቂቃ ማውራት ስላልፈለግኩ ተውኩት።

ሐሙስ ወደ አሥር ሰዓት ግድም ደረሰ። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ግማሽ ጆንያ ድንች ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ፌስታሏን በሌላ እጁ አንጠልጥሎ ሲወጣ ደረጃው ላይ ትንፋሹን ሰማሁት። ወርጄ አላገዝኩትም። እኔ ስንት ዓመት ስሸከም ማን አገዘኝ?

«ይሄ ቤት ነው ወይስ ተራራ?» አለ በሩ ላይ ጫማውን እያወለቀ። «ሰው እዚህ ላይ ወጥቶ ምን ያርሳል?»

ባለቤቴ አስካለ ሮጣ ጆንያውን ተቀበለችው። «ጋሼ ዘርጋ፣ ይግቡ፣ ይግቡ! ምነው ይሄን ሁሉ ተሸክመው?»

«ባዶ እጅ አይመጣ። ድንች ነው። ትላንት ማታ ነው ያወጣሁት፤ አፈሩን እንኳ አላራገፍኩትም።»

እኔ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ «አፈሩስ?» አልኩ።

አስካለ ዞር ብላ አየችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ እንግዳ ነው ወይስ ተከሳሽ? ውሃ ይጠጣ እንጂ!»

ዘርጋ ግን ፌስታሏን በሁለት እጁ አድርጎ ሰጠኝ። ስፈታት ውስጧ የእንሰት ቅጠል አለ። በቅጠል ጠቅልሎ፣ በቃጫ አስሮ ነው ያመጣው። በኛ አገር እንዲህ የሚጠቀለል ቅቤ ነው።

«አፈር ነው ቅቤ?» አልኩት።

«አፈር ነው። እንዳይደርቅ ብዬ ነው።»

«እኛ እኮ የምናደርቀው ነው።»

«እኔ ምን አውቄ!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

በዚያ ምሽት ስለ ሰኞ ተነጋገርን፤ መነጋገር ከተባለ። ላይኛውን እንደምወስድ ነገርኩት። ዛፎቹ እንደሚቆረጡ ነገርኩት። እጁን አየ። «አባታችን ጥሎልን የሄዳቸው ናቸው» አለ በመጨረሻ። «አባታችን ብዙ ነገር ጥሎ ሄዷል፤ እኔንም ጭምር» አልኩት። አስካለ ሳሎን አነጠፈችለት።

አርብ ጠዋት ፌስታሏን ይዤ ሥራ ገባሁ። ዘበኛው በሩ ላይ «ጋሽ ሳህሌ፣ የመሥሪያ ቤቱ አፈር አልበቃ ብሎህ ከቤት ማምጣት ጀመርክ?» አለኝ። ማሽኑን የምታሠራው ማህሌት ናት። ወጣት ናት፣ የተማረች ናት፣ ግን ሰው ታከብራለች። የወንድሜ መሬት አፈር ነው፣ ላስመርምረው ብዬ ጠየቅኳት።

«ችግር የለውም ጋሽ ሳህሌ፣ ያዘጋጁትና ወረፋ ሲከፈት አስገባዋለሁ» አለች።

ቅጠሉን ፈትቼ ግማሹን ማድረቂያው ውስጥ አሰጣሁ፤ ግማሹን በፌስታሉ ተውኩት። ገና በእርጥቡ ሳፍሰው ጣቴ ነገረኝ። ጥቁር፣ ፍርክስ የሚል፣ ጨበጥ ሲያደርጉት የሚያያዝ፣ ሲለቁት ደግሞ እንደ ቆሎ የሚበተን። እንዲህ ያለ አፈር በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ያን ጊዜ ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ስንት ዓመት በስልክ «መሬቱ እኮ አይሰጥም፣ ዘንድሮም አልሰጠም» ሲለኝ የኖረው ሰው የተቀመጠው በዚህ ላይ ነው? እናታችን ስትታመም «የምልከው የለኝም» ያለኝ ይህን እያረሰ ነው?

ደርቆልኝ ስወቅጠው ጆንያ እንደምወረውር ነበር የወቀጥኩት። ከዚያ ነፋሁት።

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ወንፊቱ ላይ የቀረ ነገር ነበር። ደቃቅ ቅጠሎች፣ ብዙ፤ የተጠማዘዘ የዛፍ ፍሬ ልጣጭ ስብርባሪ፤ የደረቀ የከብት እበት ፍርፋሪ። ከአራት ጥማድ እርሻ ተለቃቅሞ የመጣ አፈር እንዲህ አይሆንም። ከአንድ ዛፍ ሥር የተዛቀ ነው። በሕጉ የሚመረመረው በወንፊቱ ያለፈው ነው፣ ወንፊቱ ላይ የቀረው ይጣላል። እኔም ጣልኩት። ሕጉን ማክበሬ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን ግን እጄ ላይ ይዤ አይቼዋለሁ። ማየት አልፈለግኩም እንጂ።

ከምሳ በኋላ ማህሌት ወረቀቱን ይዛ መጣች።

«ይሄ መሬት የማን ነው ያሉኝ? ታድላችሁ! ጋሽ ሳህሌ፣ እርስዎ ጡረታ ወጥተው እዚያ ቢገቡ ይሻልዎታል።»

ወረቀቱን ራሴ አነበብኩት። ማንም አላነበበልኝም። የመሬቱ ሕይወት የሚባለው፣ የበሰበሰ ቅጠልና ሥር ያጠራቀመው፣ ከፍተኛ። ውሃ የመያዝ አቅም፣ ከፍተኛ። ጣቴን እያስኬድኩ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እያንዳንዷ «ከፍተኛ» ለኔ እንደ ምስክር ቃል ነበረች። አጣጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፤ የቀረውን አፈር ከነፌስታሉ አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ከሜክሲኮ እስከ ልደታ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ታክሲ አልያዝኩም። የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር። አንድ ሰው ገፍቶኝ ሲያልፍ ለዘርጋ ያዘጋጀሁትን ስድብ ለሱ ሰጠሁት፤ ዞሮ «ምን ሆነሃል አባት?» አለኝ። ምን እንደሆንኩ ብነግረው እዚያው ይመሽብን ነበር።

ቤት ስገባ አስካለ ድንቹን ትልቅ ሳፋ ውስጥ ገልብጣዋለች። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የዚያን ቀን ተራችን ስለሆነ ልታጥበው ስትዘጋጅ ነው የደረስኩት። ዘርጋ ትንሿ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ድንች ይለይላታል።

ቆሜ ነው የጀመርኩት። «መሬቱ አይሰጥም አላልከኝም?»

ቀና አለ። «ብያለሁ።»

«ዘንድሮም አልሰጠም፣ አምናም አልሰጠም አላልክም?»

«አዎ።»

«ይሄ ምንድነው ታዲያ?» ወረቀቱን ዘርግቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። ከላይ እስከ ታች። እሱ ማንበብ አይችልም፤ በዚህም ውስጤ ደስ እያለው ነበር። ጎረቤት ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም። «ከፍተኛ! ከፍተኛ! ስንት ዓመት ዋሸኸኝ?»

የሚደነግጥ መስሎኝ ነበር። ፊቱ በራ።

«ጥሩ ነው አለ ወረቀቱ?»

«ጥሩ ነው አለ! አሁን ምን ትላለህ?»

«እሰይ» አለ። «አላሳፈርኩህማ።»

«ምን?»

«በመሥሪያ ቤትህ ሰዎች ፊት ማለቴ ነው። አፈር አምጣ ስትለኝ ትልልቅ ሰው የሚያየው ነው ብዬ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ሳህሌ እዚያ የተከበረ ሰው ነው፤ ይሄ ነው የአባትህ መሬት ብለው እንዳይስቁበት አልኩ። ከትልቁ ገርቢ ሥር፣ ከብቶቹ ከሚያርፉበት፣ ላይ ላዩን ቅጠሉን ገፍቼ ያማረውን ዛቅኩልህ።»

አስካለ የያዘችውን ድንች ሳፋው ውስጥ መለሰችው። እኔ ወረቀቱን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።

ይህን አገር የማያውቅ ሰው ሞኝነት ይለዋል። እኔ ግን ከዚያው ነኝና ገባኝ። ከኛ ቤት ለሰው የሚሄድ ነገር ካለ ምርጡ ነው የሚሄደው። ቅቤ ከሆነ አዲሱ፣ ቆጮ ከሆነ ነጩ። መጥፎውን ራስህ ትበላለህ። አፈር ሲባልም ያው። ደህና ይሁን አይሁን እናውቅ ብለህ ስትጠይቀው ደህናውን መርጦ ያመጣልሃል።

«የሌላውስ?» አልኩ። ድምፄ ወርዷል። «የእርሻው አፈርስ?»

እጁ ላይ ያለውን ድንች ሳፋው ውስጥ ጣለው። እሱን ስከተል ዓይኔ ሳፋው ላይ ወደቀ።

«አስካለ፣ ውሃ እንዳትጨምሪ!»

«ምነው? ውሃው እኮ ይሄዳል!»

«ይሂድ።»

አንዱን ድንች አነሳሁ። «ይሄ ከየትኛው ወገን ነው?»

«ከታችኛው» አለ ዘርጋ። «ዛፍ ከሌለበት።»

ድንቹ ላይ የተለጠፈ አፈር አለ። ግራጫ ነው። በጣቴ ሳሸው እንደ ሲሚንቶ ተበነነ። ሁለት የሻይ ብርጭቆ አስመጣሁ፣ ውሃ ሞላኋቸው። ይህን ማህሌት ለጎብኚዎች ስታሳይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ማሽን አይፈልግም። ፌስታሉ ውስጥ ከቀረው የገርቢ ሥር አፈር አንዲት ጓል ለየሁ። ከድንቹ ዓይን ውስጥ ደግሞ ደርቆ የተጣበቀ ሌላ ጓል ፈልቅቄ አወጣሁ፤ የሚተካከሉ። ሁለቱንም አንድ ላይ ጣልኳቸው።

ሦስታችንም ጎንበስ ብለን እናያለን። የገርቢው ጓል ታች ወርዶ ተቀመጠ። ትንሽ አረፋ ሰደደ፤ ውሃው ጠራ ብሎ ቀረ። የድንቹ ጓል ግን ታች እንኳ ሳይደርስ ፈረሰ። ውሃው ጭቃ ሆነ። አንድ ሰው «አቤት» ብሎ እስኪጨርስ የፈጀ አይመስለኝም።

«ይሄ ምን ማለት ነው?» አለች አስካለ።

«የገርቢውን አፈር የሚይዘው ነገር አለ» አልኩ። «የበሰበሰ ቅጠል፣ ሥር፣ ትላትል፣ እበት። ዝናብ ቢመታው አይሄድም። ያኛው የሚይዘው የለውም። ዝናብ በመጣ ቁጥር ይታጠባል። የሞተ መሬት ነው።»

ዘርጋ የደፈረሰውን ብርጭቆ አነሳና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«መሞቱን። ዓይኔ እያየ ነው የሞተው። ማዳበሪያ ስታደርግበት አንድ ዓመት ብድግ ይልና ይተኛል። ይቺን ድንች ያገኘሁት ያን ሁሉ ቆፍሬ ነው። እኔ የምበላው ከሱ መሰለህ? የጎረቤት መሬት እኩል እያረስኩ ነው ልጆቼን የማበላ። ከጀመርኩ ቆየሁ።»

የሰው መሬት ለእኩሌታ ያርሳል ወንድሜ። መሬት በላ እያልኩ የረገምኩት ሰው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አይሰጥም ስልህ አልነበር?»

«እንዲህ ነው ብለህ አልነገርከኝም!»

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

አላምነውም ነበር።

ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። «እናታችን ናት የከለከለችኝ። ‹ለሳህሌ መሬቱ ሞተ እንዳትለው› አለችኝ። ‹የምመለስበት አለኝ እያለ ነው ከተማ የሚኖረው። እሱን አትውሰድበት› አለች። አሁን እሷም የለችም፣ አንተም አፈሩን አየኸው።»

አስካለ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። እኔ አላለቀስኩም። ለምን እንደምዋሽ አላውቅም፤ ደረጃው ላይ ወጥቼ ነው የጨረስኩት። ስመለስ ዘርጋ ድንቹን አንድ በአንድ እያነሳ አፈሩን ጋዜጣ ላይ ያራግፋል። «ይሄንንም ማሽኑ ይየው» አለኝ። ከጎኑ ተቀመጥኩ። ያን ግማሽ ጆንያ አራግፈን ስንጨርስ ሁለት ጭብጥ አፈር አገኘን።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን እንሠራለን፤ አፈሩን ከነዘርጋ ይዤ ሄድኩ። ማህሌት ሳቀችና «ጋሽ ሳህሌ፣ ይሄ እኮ ሁሌ የሚያጋጥም ነው» አለች። «ገበሬውን ራስህ አምጣ ካልነው የጓሮውን ያመጣል። ለዚህ ነው ሰው የምንልከው። እርስዎ ይህን እያወቁ?» ከድንች የተራገፈ አፈር የሙሉ እርሻ ማስረጃ እንደማይሆን ነገረችን፤ ቢሆንም አስገባችው። ወረቀቱ ሲወጣ «ዝቅተኛ» የሚለው ቃል ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ይህን ለዘርጋ ሳነብለት ድምፄን ከፍ አላደረግኩም።

ማህሌት ወንበር ስባ ፊቱ ተቀመጠች። «አባቴ፣ ገርቢው ሥር የተዘራው በቆሎ እንዴት ነው?»

«እሱማ ሌላ ነው። ሌላው ሲጠወልግ እሱ አረንጓዴ ነው።»

«ለምን ይመስልዎታል?»

«ክረምት ቅጠሉን ለመሬቱ ይሰጣል። እሱ ራቁቱን ስለሚቆም ፀሐይም አይከለክል። በጋ ደግሞ ከብቶቹ ለጥላው ይመጣሉ፤ ፍሬውን ይበላሉ፣ እበታቸውን ይጥላሉ።»

ማህሌት ወደኔ ዞረች። «ይኸው፣ ትምህርቱ ተሰጠ። እኔ የምጨምረው ሥሩ ነው። ሥሩም መሬቱን ይመግባል፣ ጥልቅ ወርዶም ውሃ ይፈልጋል።» ከዚያ ወደሱ፦ «ይህን ሁሉ ካወቁ ታችኛው ላይ ለምን አልተከሉም?»

ዘርጋ ተገረመ። «ገርቢ ይተከላል እንዴ? ገርቢን እግዜር ነው የሚያበቅለው።»

«ታዲያ ታችኛው ላይ አያበቅልም?»

«ያበቅላል እንጂ። በየዓመቱ ከእበቱ ውስጥ ብቅ ብቅ ይላል። እሾሁ እግር ይወጋል፣ ማረሻ ይይዛል፤ እኔ...»

አልጨረሰውም። እኛም አልጨረስንለትም። በየዓመቱ በማረሻው የሚነቅለው ራሱ ነበር። ጥሩ ገበሬ እርሻውን ያጸዳል፤ አባታችን ያስተማረው እንደዚያ ነው። አምስቱ የቀሩት አባታችን ሳይደርስባቸው ያመለጡት ይሆናሉ።

«አዲስ ችግኝ መግዛት አያስፈልግዎትም» አለችው። «ብቅ ሲል አይንቀሉት። ምልክት ያድርጉበትና በማረሻው ይዙሩት። ከፍየል ይጠብቁት። በትንሽነቱ እሾሃማውን ቅርንጫፍ ከታች ይቁረጡለት። ግን ልዋሽዎት አልፈልግም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። መሬቱ የሚሰማው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያው እበቱን ወደ ቤት አይሰብስቡት፣ የበቆሎውን አገዳም መሬቱ ላይ ይተዉለት።»

«አገዳውን እናነደዋለን እኮ።»

«ታዲያ መሬቱ ምን ይብላ?»

ዘርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። «ይቺ ልጅ እንደ እናታችን ነው የምትናገረው» አለኝ።

እሑድ አብረን አገር ቤት ሄድን። ሰኞ ጠዋት ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነበርን። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ። «ተስማምታችኋል?» አለ።

«ተስማምተናል» አለ ዘርጋ። «ላይኛው የሱ፣ ታችኛው የኔ።» መንገድ ላይ ስለዚህ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ሐሙስ የነገርኩትን ነው የያዘው። ዛፎቹም እንደሚቆረጡ አምኖ ነው የመጣው፤ ፊቱ ይናገራል።

«ታችኛው የኔ» አልኩ።

ጸሐፊው ብዕሩን አቆመ። «የትኛው? ዛፍ የሌለበት?»

«ዛፍ የሌለበት።»

«አባት፣ ታችኛው እኮ ጠፍ ነው። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከተማ ስለሚኖሩ ሳያውቁ ቀርተው...»

«አውቃለሁ። ወረቀት አለኝ።» የቅዳሜውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩለት። አነበበና ወደ ዘርጋ አየ፣ እብድ ነው ወይ እንደ ማለት። ዘርጋ ግድግዳውን ያያል።

«ዛፎቹስ?» አለ ጸሐፊው።

«ዛፎቹ ላይኛው ላይ ናቸው። ላይኛው የሱ ነው። የሱን ዛፍ እኔ ምን አገባኝ?»

ፈረምኩ። በእጄ፣ ሙሉ ስሜን። ዘርጋ ጣቱን ቀለም ነክሮ አሳረፈ። ውጭ ስንወጣ «ምን ነካህ?» አለኝ። «የምታርሰው አንተ ነህ፤ እኔ ባለቤቱ ነኝ። ከታችኛው ላይ አንድ ገርቢ ብትነቅል እከስሃለሁ» አልኩት። «አንተማ ታደርገዋለህ» አለ። ባለ ትራክተሩ ደውሎ ነበር፤ አላነሳሁለትም።

አሁን እናንተ የምታነቡ ሰዎች ደግ ሰው ሆነ ብላችሁ እንዳትጨርሱት። አልሆንኩም። አስካለን ጠይቋት። የዘመዴን ስም ስሰማ ዛሬም እራገማለሁ፤ ትምህርት ቤት የተባለው መጋዘን ነበር፣ ያ አልተቀየረም። የተቀየረው አንድ ነገር ነው። አርባ ዓመት ገደማ አንድ ለም መሬት በልቤ ይዤ ኖርኩ፤ የተቀማሁት መሬት። ወንድሜ እዚያ ላይ ተኝቶ ሲበላ አየው ነበር። ያ መሬት የትም አልነበረም። የነበረው ወንድሜ በሰው እርሻ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያርስበት እውነት ነው። ይቅር ብዬው ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ይቅር የምለው ነገር አጣሁ። ያ ይከብዳል። ቂም ሲወሰድብህ የሚቀረውን ባዶ ቦታ ምን እንደሚሞላው ማንም አይነግርህም።

ሌላም ልንገራችሁ። ወንፊቱ ላይ የቀረውን ያን ቅጠል እያየሁ ጥዬዋለሁ። ማሽኑ አልዋሸም፣ ወረቀቱም አልዋሸም፣ ወንድሜም በንጹሕ ልቡ ነው ያመጣው። የዋሸው እኔ ነኝ፤ የፈለግኩትን መልስ ስላገኘሁ። ገጠር መሬት ያላችሁ፣ ከወንድም ከእህት የምትካሰሱ፣ አፈራችሁን አስመርምሩ እላለሁ። ግን ከዳር እስከ ዳር ዞራችሁ ውሰዱ። የማያምረውንም ጨምሩበት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አለፈ። ታችኛው ላይ ዘርጋ በማረሻው እየዞረ የተዋቸው ገርቢዎች ከጉልበቴ አይበልጡም። ለምተው ጥላ ሲሆኑ እኔ አላይም ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ደውሎ ካርዱ እንዳያልቅ ወዲያው ዘጋ፤ መልሼ ደወልኩለት።

«ሳህሌ፣ ሦስቱን ፍየል በላቸው።»

«የማን ፍየል?»

«የኔው።»

ሰደብኩት። «ዘበኛ ቅጠርልኝ እንግዲህ፣ ባለ መሬት!» ብሎ እሱም ሰደበኝ። ተጯጯህን። አስካለ ከማድ ቤት «ደግሞ ጀመራችሁ?» አለች። ሲበርድልን ስንት እንደቀሩ ጠየቅኩት። ቆይ ብሎ ስልኩን እንደያዘ እርሻው ውስጥ ገባ፤ ትንፋሹና የእግሩ ኮቴ ይሰማኛል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ መቁጠር ጀመረ። ካርዱ የሚያልቀው የኔ ነው። አልዘጋሁበትም።